ጆን ፎን ኖይማንና የክፍት ስሌት መሣሪያዎች አጀማመር

መግቢያ

በዛሬው ጊዜ በኑክሌር ፊዚክስ ወይም በአስትሮፊዚክስ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጅ ተማሪ በአጠገቡ የቅንጣት ማፍጠኛ ወይም ግዙፍ ቴሌስኮፕ ላይኖረው ይችላል። ይሁን እንጂ ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት በታላላቅ አገሮች ብሔራዊ ቤተ ሙከራዎች ብቻ ይከናወን የነበረውን ስሌት በአንድ ላፕቶፕ ላይ ማከናወን ይችላል። ቅንጣቶች በቁስ አካል ውስጥ ሲያልፉ የሚሆኑትን ለማስላት ጂአንት 4ን፣ የኒውትሮንን ጉዞ ለመከታተል ኦፕን ኤምሲን፣ የኮከብን የሕይወት ዘመን ለመመርመር ሜሳን ያለ ክፍያ ያወርዳል። ከማውረድም አልፎ የውስጥ ኮዱን ገልጦ ያነባል፤ ስሕተት ካገኘም ያርማል።

ይህ ልማድ ከየት መጣ? የስሌት መሣሪያ ውስጡ ለሁሉም የሚታይ፣ ማንም የሚቀዳውና የሚመረምረው እንዲሆን የፈቀደው ማን ነው? ይህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄውን በአንድ ሰው ሕይወት በኩል ይመረምራል። ሰውየው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከታወቁት የሒሳብ ሊቃውንት አንዱ የሆነው ጆን ፎን ኖይማን ነው። የጽሑፉ መከራከሪያ ሁለት ወገን አለው። በአንድ በኩል፣ ፎን ኖይማን የኮምፒውተርን ንድፍ ለሕዝብ በመልቀቁ የኑክሌርና የከዋክብት ስሌት በዓለም ዙሪያ ሊስፋፋ ችሏል። በሌላ በኩል፣ ያው ልግስና የሌሎችን ድካም ስም ሳይጠራ የተፈጸመ በመሆኑ እስከ ዛሬ ያልተዘጋ ቅሬታ አስከትሏል።

ጥያቄው ለአካባቢያችን አንባቢ ባዕድ አይደለም። ከእስቴ መካነ ኢየሱስ እስከ ስማዳና ጋይንት የአብነት ትምህርት ባለፈበት ሁሉ የባሕረ ሐሳብ ስሌት ይታወቃል። ዓመተ ዓለሙ ለ19 ተካፍሎ ከቀሪው አንድ ሲቀነስ ወንበር ይገኛል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴን፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ ደግሞ መጥቅዕን ይሰጣል። ለምሳሌ በ2016 ዓ.ም. ወንበሩ 10፣ አበቅቴው 20፣ መጥቅዑ 10 ነበር። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ካልሞሉ ስሌተኛው መሳሳቱን ያውቃል። ደንቡ ከነማረጋገጫው ለማንኛውም ደቀ መዝሙር ስለሚሰጥ ውጤቱ በመምህሩ ዝና ላይ ብቻ አይቆምም። ክፍት የስሌት መሣሪያ ማለትም በመሠረቱ ይኸው ነው።

ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከቡዳፔስት እስከ ፕሪንስተን

ፎን ኖይማን በዲሴምበር 28 ቀን 1903 በኦስትሮ ሀንጋሪ ግዛት በቡዳፔስት ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ ሚክሻ የባንክ ባለሙያ ነበር፤ በ1913 ከንጉሠ ነገሥቱ የመኳንንት ማዕረግ በማግኘቱ ልጁ በኋላ በጀርመንኛ ፎን የሚለውን ቅጽል በስሙ ላይ ጨምሮ ሊጠራበት ቻለ። ሕፃኑ ያኖሽ በከተማው የሉተራን ጂምናዝየም ተማረ። በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘው የኑክሌር ፊዚክስ ሊቅ ዩጂን ዊግነር በዚያው ትምህርት ቤት በአንድ ክፍል ይበልጠው ነበር።

የልጁ የሒሳብ ተሰጥኦ ቀደም ብሎ ቢታይም አባቱ ሒሳብ እንጀራ አያበላም የሚል ሥጋት ነበረው። መስማማት ላይ የተደረሰው በሁለት መንገድ በመሄድ ነው። ወጣቱ በዙሪክ የኬሚካል ምሕንድስና እየተማረ፣ በቡዳፔስት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በሒሳብ ተመዝግቦ በፈተና ጊዜ ብቻ እየቀረበ ትምህርቱን ቀጠለ። በ1926 የምሕንድስናውን ዲፕሎማና የሒሳቡን ዶክትሬት በአንድ ዓመት ውስጥ አገኘ። ረቂቅን ሒሳብ ከተግባር ሥራ ጋር ማጣመር የኋላ ሕይወቱ መለያ ስለሆነ ይህ የወጣትነት ውል ልብ ሊባል ይገባዋል።

ቀጥሎ ወደ ጐቲንገን ሄዶ ከዳቪድ ሂልበርት ጋር ሠራ፤ በበርሊንም አስተማረ። በ1932 ያሳተመው የኳንተም ሜካኒክስ የሒሳብ መሠረት ላይ ያተኮረ መጽሐፍ እስከ ዛሬ በፊዚክስ ትምህርት ክፍሎች የሚጠቀስ ነው። ከ1930 ጀምሮ በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ከጀመረ በኋላ፣ በ1933 እዚያው ከተማ በተቋቋመው የከፍተኛ ጥናት ተቋም ከአልበርት አንስታይን ጋር ከመጀመሪያዎቹ ፕሮፌሰሮች አንዱ ሆነ። በዚሁ ዓመት ናዚዎች በጀርመን ሥልጣን ስለያዙ የመመለሻው መንገድ ተዘጋ። በ1937 የአሜሪካ ዜግነት አገኘ።

በ1930ዎቹ መጨረሻ ትኩረቱ ወደ ፈሳሾችና ጋዞች እንቅስቃሴ ዞረ። የእነዚህ እንቅስቃሴዎች እኩልታዎች ለረጅም ጊዜ ቢታወቁም አብዛኞቹን በብዕርና በወረቀት ፈትቶ ወደ ዝግ ቀመር ማድረስ አይቻልም። የቀረው መንገድ ቦታንና ጊዜን በጥቃቅን ክፍሎች ከፋፍሎ እያንዳንዱን ክፍል በቁጥር ማስላት ነበር። ለዚህ የሚሆን ፈጣን ማስሊያ ግን ገና አልተሠራም።

ሎስ አላሞስ፦ ስሌት የጠየቀ ጦርነት

በ1943 ፎን ኖይማን በኒው ሜክሲኮ በረሃ በሎስ አላሞስ በምስጢር የአቶሚክ ቦምብ ይሠራ ለነበረው ቤተ ሙከራ አማካሪ ሆነ። በ1944 በሪአክተር የተመረተው ፕሉቶኒየም በገዛ ራሱ የሚሰነጠቅ ኢሶቶፕ እንደሚበዛበት ተረጋገጠ። በዚህም ምክንያት ሁለት ቁራጮችን እንደ መድፍ ጥይት በማጋጨት የሚፈነዳ ቦምብ ከእሱ መሥራት እንደማይቻል ታወቀ። አማራጩ የፕሉቶኒየሙን ኳስ ከዙሪያው በሚፈነዳ ባሩድ እኩል ወደ ውስጥ መጭመቅ ነበር። ጭመቃው በየአቅጣጫው እኩል ካልሆነ ኳሱ ሳይጠብቅ ይበተናል። ስለዚህም ወደ ውስጥ የሚጓዘውን ድንገተኛ የግፊት ሞገድ በትክክል ማስላት የግድ ሆነ።

ስሌቱ መጀመሪያ በእጅ ማስሊያዎች፣ ቀጥሎም በካርድ ቀዳዳ በሚሠሩ የአይቢኤም ማሽኖች ተከናወነ። ፎን ኖይማን የማሽኖቹን የሽቦ መሰኪያ ሰሌዳ እንዴት እንደሚያያዝ ራሱ ቁጭ ብሎ ተማረ። አዝጋሚነታቸውንና ለስሕተት መጋለጣቸውንም በዓይኑ ተመለከተ። በጁላይ 16 ቀን 1945 የመጀመሪያው ሙከራ ተሳካ። በኦገስት 9 ቀን በዚሁ መንገድ የተሠራው ቦምብ በናጋሳኪ ላይ ተጥሎ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ። የዘመናዊው የኑክሌር ስሌት ታሪክ ሲነገር ይህ መነሻ ሊዘለል አይገባም።

ያላለቀው ረቂቅና የባለቤትነት ጥያቄ

በ1944 ክረምት ፎን ኖይማን በአበርዲን የባቡር ጣቢያ ኸርማን ጎልድስታይን ከተባለ የሒሳብ ምሁርና የጦር መኮንን ጋር ተገናኘ። ጎልድስታይን በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ስለሚሠራ ኤኒያክ የተባለ ኤሌክትሮኒክ ማስሊያ አጫወተው። የማሽኑ ፈልሳፊዎች ጆን ሞክሊና ፕሬስፐር ኤከርት ነበሩ። ኤኒያክ ወደ 18 ሺህ የሚጠጉ የቫክዩም ቱቦዎች ነበሩት፤ በፍጥነቱም ተወዳዳሪ አልነበረውም። ነገር ግን ከአንድ ስሌት ወደ ሌላ ለመሸጋገር ገመዶችንና ማብሪያ ማጥፊያዎችን እንደ አዲስ ማያያዝ ያስፈልግ ስለነበር ዝግጅቱ ቀናት ይወስዳል።

ቡድኑ ይህን ችግር የሚያስወግድ ኤድቫክ የተባለ ተተኪ ማሽን ለመንደፍ ውይይት ጀምሮ ነበር፤ ፎን ኖይማንም ተቀላቀለ። ዋናው ሐሳብ የስሌቱን ትእዛዞች ከቁጥሮቹ ጋር በአንድ ማኅደረ ትውስታ ማስቀመጥ ነው። እንዲህ ከሆነ ማሽኑን ሳይነኩ ፕሮግራሙን ብቻ በመለወጥ አንዱ መሣሪያ ለማንኛውም ስሌት ይውላል። ፎን ኖይማን የውይይቱን ፍሬ በሒሳብ ሊቅ ጥራት አደራጅቶ በ101 ገጽ ረቂቅ አዘጋጀ። ጎልድስታይንም በጁን 1945 አስተይቦ በሽፋኑ ላይ የፎን ኖይማንን ስም ብቻ በማስፈር ለሌሎች አሠራጨው። የሞክሊና የኤከርት ስም በሽፋኑ ላይ አልነበረም።

ረቂቁ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ወደ ብሪታንያ ተሻገረ። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሞሪስ ዊልክስ በ1946 አንድ ቅጂ ለአንድ ሌሊት ተውሶ አነበበው፤ እሱና ባልደረቦቹ የሠሩት ኤድሳክ የተባለ ማሽንም በሜይ 1949 የመጀመሪያ ፕሮግራሙን አስኬደ። አንድ ሰነድ በነጻ በመዘዋወሩ ብቻ ባሕር ማዶ አዲስ ማሽን ተወለደ ማለት ነው።

ውጤቱ ግን ለሁሉም እኩል አልጣመም። በ1947 የጦር ኃይሉ የሕግ ባለሙያዎች የረቂቁ መሠራጨት እንደ ኅትመት እንደሚቆጠር ወሰኑ። በሕጉ መሠረት ከታተመ ከአንድ ዓመት በላይ የቆየ ሐሳብ ፓተንት ሊወጣበት ስለማይችል የኤድቫክ ዋና ሐሳቦች የሕዝብ ሀብት ሆኑ። ፎን ኖይማን በዚህ አልተከፋም፤ ሐሳቡ ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ፈቃዱ ነበር። ኤከርትና ሞክሊ ግን የድካማቸው ዋጋም ስማቸውም እንደተወሰደባቸው አምነው እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ ሲያማርሩ ኖረዋል። ዛሬም ይህ የኮምፒውተር አሠራር በመላው ዓለም የሚጠራው በፎን ኖይማን ስም መሆኑ የቅሬታው ማስታወሻ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ጥያቄዎችን መለየት ይጠቅማል። ሐሳቡ ክፍት መሆን ነበረበት ወይ የሚለው አንድ ነው፤ ሐሳቡ የማን ነበር የሚለው ሌላ ነው። ለመጀመሪያው የታሪክ መልስ የፎን ኖይማንን አቋም ይደግፋል። ለሁለተኛው ግን ረቂቁ የቡድን ውይይት ፍሬ እንደነበረ መካድ አይቻልም። የሁሉም ስም ሰፍሮበት ቢሆን ኖሮ ክፍትነቱ አንዳች አይጎድልበትም ነበር።

የፕሪንስተኑ ማሽንና ቅጂዎቹ

ከጦርነቱ በኋላ ፎን ኖይማን የከፍተኛ ጥናት ተቋሙን አሳምኖ በፕሪንስተን የራሱን ማሽን ማሠራት ጀመረ። ገንዘቡ በዋናነት ከጦር ኃይሉ፣ ከባሕር ኃይሉና በኋላም ከአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን የመጣ ነበር። በረቂቅ አስተሳሰብ ብቻ በሚታወቀው ተቋም ውስጥ የብየዳ ዕቃ የያዙ መሐንዲሶች መግባታቸው ያልተዋጠላቸው ምሁራን ጥቂት አልነበሩም። የምሕንድስናውን ሥራ የመራው ጁልየን ቢግሎው ነበር።

በ1946 አርተር በርክስ፣ ጎልድስታይንና ፎን ኖይማን የማሽኑን ሎጂካዊ ንድፍ የሚያብራራ ዘገባ አወጡ። በዚህ ጊዜ የኤድቫክ ውዝግብ እንዳይደገም ጥንቃቄ ተደርጓል፤ የሦስቱም ስም በዘገባው ላይ ሰፍሯል። በውስጡ ፓተንት ሊወጣበት የሚችል ነገር ቢኖር የሕዝብ ሀብት እንዲሆን መፈለጋቸውንም በቃለ መሐላ አረጋገጡ። ተከታታይ ዘገባዎች የፕሮግራም አጻጻፍን ጭምር እያብራሩ ለልዩ ልዩ ተቋማት ተላኩ።

ማሽኑ በጁን 1952 በይፋ ተመረቀ። ማኅደረ ትውስታው እያንዳንዳቸው 40 ቢት የሆኑ 1,024 ቃላትን ይይዝ ነበር፤ ይህ በዛሬ ልኬት 5 ኪሎባይት ያህል ነው። በስልካችን ከምናነሣት አንዲት ፎቶግራፍ በብዙ መቶ እጥፍ ያነሰ ነው ማለት ነው።

የዘገባዎቹ ውጤት ከማሽኑ ከራሱ የበለጠ ነበር። ንድፉን ተከትለው በሎስ አላሞስ ማኒያክ፣ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ኢሊያክ፣ በአርጎን ቤተ ሙከራ አቪዳክ ተሠሩ። ከአሜሪካም ውጭ በስቶክሆልም ቤስክ፣ በእስራኤል ሬሆቮት ዋይዛክ፣ በአውስትራሊያ ሲድኒ ሲሊያክ ተገነቡ። እነዚህ ተቋማት ፈቃድ መግዛት ሳያስፈልጋቸው ከታተመ ንድፍ ተነሥተው የየራሳቸውን መሣሪያ ሠሩ።

ሆኖም ክፍትነቱ ወሰን ነበረው። እያንዳንዱ ቡድን ንድፉን እንደ ፍላጎቱና እንደ ዕቃ አቅርቦቱ ስላሻሻለው በአንዱ ማሽን የተጻፈ ፕሮግራም በሌላው አይሠራም ነበር። ንድፉን መጋራት ተችሏል፤ ኮዱን መጋራት ግን እንደ ፎርትራን ያሉ የጋራ የፕሮግራም ቋንቋዎች እስኪመጡ መጠበቅ ነበረበት።

በዕድል የሚመራ ስሌት

በ1946 ስታኒስላቭ ኡላም የተባለ የሎስ አላሞስ የሒሳብ ሊቅ ከከባድ የአንጎል ሕመም እያገገመ ሳለ ብቻውን ካርታ ይጫወት ነበር። ጨዋታው የመሳካት ዕድሉ ስንት እንደሆነ በቀመር ለማስላት ሞክሮ ሲከብደው፣ ብዙ ጊዜ ተጫውቶ የተሳካውን መቁጠር እንደሚቀል ተገነዘበ። ሐሳቡን ለፎን ኖይማን ሲያካፍለው እሱ ወዲያውኑ ከኒውትሮን ጉዞ ጋር አያያዘው። በማርች 1947 ለሮበርት ሪችትማየር በላከው ደብዳቤ ዘዴው በኤኒያክ ላይ እንዴት እንደሚሠራ ደረጃ በደረጃ ዘረዘረ። ሞንቴ ካርሎ የሚለውን ስም ያወጣለት ኒኮላስ ሜትሮፖሊስ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ኒውትሮን ከተወለደ በኋላ ሳይጋጭ ምን ያህል ርቀት እንደሚጓዝ በዘፈቀደ ቁጥር ይወሰናል። ሲጋጭ ተንጥሮ አቅጣጫ ይቀይር፣ ተውጦ ይቅር፣ ወይም ኑክለስን ሰንጥቆ አዳዲስ ኒውትሮኖች ያስወልድ እንደሆነ በሌላ የዘፈቀደ ቁጥር ይለያል። የዕድሎቹ መጠን የሚመጣው በሙከራ ከተለካ የኑክሌር መረጃ ነው። በሺዎችና በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ኒውትሮኖች እንዲህ ከተከተሉ አማካዩ ለእውነታው የቀረበ መልስ ይሰጣል። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። ስሕተቱ የሚቀንሰው በናሙናው ብዛት ስኩዌር ሩት መጠን በመሆኑ አሥር እጥፍ ጥራት ለማግኘት መቶ እጥፍ ናሙና ያስፈልጋል።

የዘፈቀደ ቁጥሮቹ ከየት ይመጣሉ? ፎን ኖይማን ቀላል ብልሃት አቀረበ፤ አንድን ቁጥር በራሱ ማባዛትና የመካከሉን አኃዞች መውሰድ። 2345 በራሱ ሲባዛ 05499025 ይሆናል፤ መካከሉ 4990 ቀጣዩ ቁጥር ነው። ብልሃቱ ፈጣን ቢሆንም ቁጥሮቹ አንዳንድ ጊዜ ወደ ዜሮ ወርደው እዚያው ይቀራሉ ወይም በአጭር ዑደት ይሽከረከራሉ። እሱም ይህን ድክመት ያውቅ ነበር። ነጥቡ ለዛሬ ተመራማሪም ይሠራል፤ የዘፈቀደ ቁጥር አመንጪው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ የሞንቴ ካርሎ ውጤት ሊታመን አይችልም። ኮዱ ክፍት ከሚሆንባቸው ምክንያቶች አንዱም ይህን ለመመርመር ነው።

የመጀመሪያዎቹ የኒውትሮን ስሌቶች በ1948 ጸደይ በኤኒያክ ላይ ተካሄዱ። ኮዱን በመጻፍ ዋናውን ድርሻ የተወጣችው የፎን ኖይማን ባለቤት ክላራ ነበረች። ክላራ የኮሌጅ ሒሳብ ሳትማር በልምድ ፕሮግራም አዘጋጅ ሆነች። ማሽኑን ትእዛዞችን አከማችቶ እንዲሠራ ለመለወጥ ደግሞ ጂን ባርቲክና ባልደረቦቿ ቀደም ብለው ደክመዋል። የእነዚህ ሴቶች ስም ለብዙ ዓመታት በታሪኩ ውስጥ አልተነሣም።

የዘዴው አጠቃላይ መርሕ በ1949 በሜትሮፖሊስና በኡላም ታተመ። ከዚያ ወዲህ የሞንቴ ካርሎ ቤተሰብ ሁለት ቅርንጫፍ አውጥቷል። በሎስ አላሞስ የቀጠለው ኤምሲኤንፒ የተባለ ኮድ በማመልከቻና በፈቃድ ብቻ ይሰጣል። በአንጻሩ በ1998 በዓለም አቀፍ ትብብር የወጣው ጂአንት 4 እና በ2011 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተጀመረው ኦፕን ኤምሲ ከነምንጭ ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት ናቸው። ሁለቱም ቅርንጫፎች ግንዳቸው አንድ ነው።

ከቦምብ ወደ ከዋክብት

ፎን ኖይማን ለአስትሮፊዚክስ የተወው ውርስ ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይቀራል። የግፊት ሞገድ ውፍረቱ እጅግ ቀጭን በመሆኑ ከስሌቱ ጥቃቅን ክፍሎች ያንሳል፤ እኩልታዎቹ እዚያ ሲደርሱ ውጤታቸው ይናወጣል። በ1950 እሱና ሪችትማየር ባሳተሙት ጽሑፍ መፍትሔ አቀረቡ። ጋዙ በሚጨመቅበት ቦታ ብቻ የሚሠራ ሰው ሠራሽ ዝልግልግነት በእኩልታው ላይ ሲጨመር ሞገዱ በጥቂት ክፍሎች ላይ ተለጥጦ ስሌቱ ይረጋጋል። ዘዴው ከቦምብ ሥራ የመነጨ ቢሆንም ጽሑፉ በግልጽ የሳይንስ መጽሔት ላይ ወጣ።

በ1966 ስተርሊንግ ኮልጌትና ሪቻርድ ዋይት የግዙፍ ኮከብን መደርመስና መፈንዳት በኮምፒውተር ሲያሰሉ፣ የጦር መሣሪያ ስሌት ልምድ ወደ ሱፐርኖቫ ጥናት ተሻገረ። በ1992 የታተመው ዜውስ የተባለ የአስትሮፊዚክስ ኮድም የፎን ኖይማንና የሪችትማየርን ዝልግልግነት በቀጥታ ይጠቀማል።

ሁለተኛው ውርስ በፕሪንስተኑ ማሽን ራሱ ላይ የተሠራ ነው። ማርቲን ሽዋርትሽልድና ሪቻርድ ኸርም ከዋክብት ሃይድሮጂናቸውን ሲጨርሱ ውስጣቸው እንዴት እንደሚለወጥ በዚያ ማሽን አሰሉ። ቀድሞ በእጅ ማስሊያ ረጅም ጊዜ ይፈጅ የነበረ ሥራ ተፋጠነ። የኮከብ ዝግመተ ለውጥን በኮምፒውተር የማስላት ባህል ከዚህ ትውልድ ተነሥቶ በ2011 በይፋ ጽሑፉ እስከ ወጣው እስከ ሜሳ ይደርሳል። ሜሳ በእያንዳንዱ የጊዜ እርምጃ በሺዎች የሚቆጠሩ ተያያዥ እኩልታዎችን በማትሪክስ ይፈታል። እንዲህ ባለው ሥራ የአኃዝ ማጠጋጋት ስሕተት እንዴት እንደሚጠራቀም ፎን ኖይማንና ጎልድስታይን በ1947 ባሳተሙት ጽሑፍ አስቀድመው መርምረውት ነበር።

የምስጢሩ ወገን

ፎን ኖይማንን የክፍትነት ሐዋርያ አድርጎ ብቻ ማቅረብ እውነቱን ማጉደል ነው። የኮምፒውተር ሐሳቦችን ለሕዝብ በለቀቀበት በ1946 እሱና ክላውስ ፉክስ የሃይድሮጂን ቦምብን ለማቀጣጠል የሚያስችል ሐሳብ በምስጢር ፓተንት አስመዝግበዋል። ፉክስ በ1950 ለሶቪየት ኅብረት ሲሰልል እንደነበረ ተጋለጠ። ኤኒያክ የሠራው የመጀመሪያ ትልቅ ስሌትም ከዚሁ ቦምብ ጋር የተያያዘ ነበር፤ ማሽኑ ለሕዝብ በይፋ ሲታይ ያ ስሌት አልተነገረም።

በፖለቲካ አቋሙ ሶቪየት ኅብረትን አጥብቆ የሚቃወም ነበር፤ በኋላም የረጅም ርቀት ሚሳይሎችን ጉዳይ የሚያጠና ኮሚቴ መርቷል። ያም ሆኖ በ1954 ሮበርት ኦፐንሃይመር በታማኝነቱ ሲጠረጠር፣ በሃይድሮጂን ቦምብ ጉዳይ ባይስማሙም ቀርቦ ለታማኝነቱ መስክሯል። በ1955 የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን አባል ሆነ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ገደማ ካንሰር እንዳለበት ታወቀ። በመጨረሻ ወራቱ በዋሽንግተን ወታደራዊ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ በሕመም መካከል የመንግሥት ምስጢር እንዳያወጣ ጥበቃ ተደርጎበት ነበር። በፌብሩዋሪ 8 ቀን 1957 በ53 ዓመቱ አረፈ። ኮምፒውተርንና የሰውን አንጎል ያነጻጸረበት ያልተጠናቀቀ ሥራው በቀጣዩ ዓመት ታተመ። የፕሪንስተኑ ማሽንም በ1958 ሥራ አቆመ።

ማጠቃለያ

ፎን ኖይማን ባረፈበት በ1957 ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ተመሠረተ፤ ኢትዮጵያም በዚያው ዓመት አባል ሆነች። ዛሬ ኤጀንሲው በሙከራ የተለኩ የኑክሌር መረጃዎችን ኤክስፎር በተባለ ማኅደር ያለ ክፍያ ያቀርባል። በአገራችን ዩኒቨርሲቲ ያለ ተማሪ ከዚህ ማኅደር መረጃ ወስዶ በክፍት ኮድ ካሰላው ውጤት ጋር ሲያነጻጽር፣ በ1945ቱ ረቂቅ የተጀመረውን ሰንሰለት ይዞ ይቀጥላል።

ከዚህ ሕይወት ለተመራማሪ የሚተርፉ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ መሣሪያ የሚስፋፋው ንድፉ ሲገለጥ ነው፤ በ5 ኪሎባይት ማሽን የተጀመረው ሥራ ከስቶክሆልም እስከ ሲድኒ የደረሰው ዘገባዎቹ ስለተላኩ ነው። ሁለተኛ፣ ነጻ መስጠት የሰሪዎችን ስም ከመጥራት አያሰናብትም። የኤከርትና የሞክሊ፣ የክላራና የጂን ባርቲክ ታሪክ ይህን ያስተምራል። በመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀምንበትን ኮድ ከነሥሪት ቁጥሩና ከነአዘጋጆቹ መጥቀስ የዚህ ዕዳ ትንሹ ክፍያ ነው። ሦስተኛ፣ ክፍት የሆነ መሣሪያ ሁሉ በራሱ ትክክል አይደለም፤ ክፍትነቱ የሚጠቅመው የሚመረምረው ሲኖር ነው።

ሦስተኛውን ነጥብ የአካባቢያችን ሊቃውንት ጠንቅቀው ያውቁታል። የድጓ ተማሪ ድጓውን በገዛ እጁ ጽፎ፣ ለዓመታት አጥንቶ፣ በመጨረሻ ወደ ጋይንት ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል። መቅዳት ለሁሉም የተፈቀደ ነው፤ ቅጂው ግን ከምስክር ቤቱ ሥርዓት ጋር ካልተስማማ አይጸድቅም። ሳይንሳዊ ኮድም እንዲሁ ከታወቀ የሙከራ ውጤት ጋር እስኪነጻጸር ድረስ ያልተመሰከረ ቅጂ ነው። ስለዚህ ተመራቂው ውጤቱን ሲያቀርብ የተጠቀመበትን የግብዓት ፋይልና ማነጻጸሪያውን አብሮ ቢያስረክብ፣ ከእሱ በኋላ የሚመጣው ተማሪ ሥራውን ካቆመበት አንሥቶ ለመቀጠል ይችላል።